የመሐሉ ቁጥር

አምስት እግር አላት፤ ብትቆም አውራ ጣት ታህላለች፣
ጥቁር ባርኔጣ ደፍታ፤
ሲነኳት ታዘነብላለች፣ ሲለቋት ወደ ልቧ ትመለሳለች።
አንደኛዋ እግር «መሬት» ናት፣ ሁለተኛዋ ኃይል፣
ሦስተኛዋ ግራና ቀኝ፣ አራተኛዋ ሽቅብ ቁልቁል፣
አምስተኛዋ ሲጫኗት ብቻ «ቀጭ» የምትል።

ያገኘኋት ዳንጊሶ ሱቅ ነው፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣
ከቻርጀር ገመድ ክምር ሥር። «ጌም ልትሠሪ ነው?» «አይ፣ ጀልባ።»
ሃያ ብር ቀነሰልኝ፤ ሳቁን ግን አልቀነሰም።
ሐዋሳ መብራት አልነበረም፤
እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ብየዳው አልተጀመረም።

ጀልባዋም ይቺው ናት፦
ለሁለት የተሰነጠቀች የዘይት ጀሪካን፣
ሁለት ሞተር፣ ከሞተ ዲቪዲ የወረሰች፣
ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ለሙከራ የተንሳፈፈች።
ገመዱን ገጠምኩ። ኮዱን ጫንኩ። እጄን አነሳሁ።
ማንም ሳይነካት ወደ ግራ ዞረች።
ፈታሁ፤ ደግሜ በየድኩ፤
ዞረች።
ሽቦ ቀየርኩ፤
ዞረች፣ ጅራቱን እንደሚያሳድድ ቡችላ።

ከዚያ ቁጥሮቿን ቁጭ ብዬ አነበብኩ።
ከዜሮ እስከ ሺህ ሃያ ሦስት ነው የመንገዷ ስፋት፣
ካልተነካች አምስት መቶ አሥራ ሁለት ልትል ይገባት፤
የኔዋ ግን አራት መቶ ዘጠና ሰባት፣
ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ስድስት፣ ደግሞ ዘጠና ሰባት፤
እንደሚቃዥ ሰው ስታጉረመርም አደረች፣
አንድ ጊዜ እንኳ መሐሏ ላይ አልቆመች።

አባቴ በሩ ላይ ነበር፣ እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ።
ሁለት ዓመቱ ነው እጁ ከሱ ከተጣላ፤
ሐኪሙ ስም ሰጠው፣ እኛ ስሙን ቤት ውስጥ አንጠራም፤
መረቡን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ፣ መቅዘፊያውን ግን አልሰጠም።
«ሠላሳ ዓመት ሐይቁ ላይ» አለ፣
«ታስራ እንኳ ዝም ያለች ጀልባ አላየሁም።
መሐል ነጥብ ነው ያለሽ ማነው?
ቦታ ነው እንጂ፤ ሰው ተመቻችቶ የሚቀመጥበት።»

እኔም ጻፍኩላት፦ ከአርባ በታች ያለውን እንዳላየሽ እለፊ።
በትምህርታችን «የሞተ ቀጣና» ይባላል፤ አልወደድኩትም፣
በኮዱ ውስጥ «ይለፍ» አልኩት።
ጀሪካኗ ሳፋው መሐል ጸጥ አለች።

ቅዳሜ፣ ከአሞራ ገደል ወዲህ፣
ዓሣ አራጆቹ የደም ውሃ ሲደፉ፣
አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ ትከሻ ሰብቀው ሲሰለፉ፣
ሳጥኗን ዘረጋሁለት። አልፈለገም። ቆይቶ ተቀበለ።
አውራ ጣቱ ባርኔጣዋ ላይ እንደታሰረ ወፍ ተርገበገበ፣
ጀልባዋም ተርገበገበች፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ።
ሁለት ልጆች ሳቁ።
አንድ ሰው «ሃሜሶ እኮ ነው!» አላቸው፤
ሳቁ ቆመ። መቆሙ ከሳቁ ባሰ።

ጀርባዬን ሰጥቼ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ፣
አርባውን ዘጠና አደረግኩ።
«ሽቦ ላልቶ ነው» አልኩት።
«አዎ፣ ሽቦ ነው» አለኝ፤ ጆሮውን እያከከ፤
ውሸት ሲቀበል ሁሌም ጆሮውን ያካል።

ከዚያ ሄደች።
ሸንበቆውን በስተቀኝ ትታ፣
የቱሪስት ጀልባ ማዕበል ሲመጣ አፍንጫዋን ወደሱ መልሳ፣
እንደዚያ ብዬ አላስተማርኳት፤ ኮዱ ውስጥም የለ፤
ከአውራ ጣቱ ነው የመጣ።
ውሃው ቀለሙን የሚለውጥበት ላይ ስትደርስ አቆማትና
አምስተኛዋን እግር ተጫናት። ቀጭ።
«ይሄስ ምን ያደርጋል?»
«ገና ሥራ አልሰጠሁትም።»
ቀጭ። ቀጭ።
«እዚህ ጋ ነው የሚጣለው» አለ፣ ለኔ ይሁን ለውሃው እንጃ።

ማታ መብራት ሲመጣ ሦስተኛ ሞተር ፈለግኩ፣
ከቀይ ሽንኩርት ከረጢት አንድ ስንዝር መረብ ቆረጥኩ።